ለሚና ጨዋታ የሚሆን ማጀቢያ ድምፅ፦ የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶቻችን

በቅርቡ ከፒያሳ፣ ከአራት ኪሎ፣ ከካዛንቺስና ከሜክሲኮ አካባቢ የደረሱን ደብዳቤዎች በአንድ ጉዳይ ላይ የተገናኙ ናቸው፤ ሁሉም ጓደኛሞች በጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው በሚጫወቱት የሚና ጨዋታ ላይ ሙዚቃና ልዩ ልዩ ድምፅ እንዴት እንደሚጨመር ይጠይቃሉ። ጨዋታውን ለማያውቁ አንባቢያን ለመግለጽ ያህል፣ ከተሰበሰቡት አንዱ ጨዋታ መሪ ሆኖ ታሪኩን ይተርካል፤ ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ይዘው «እንዲህ አደርጋለሁ» እያሉ ታሪኩን ይገፉታል፤ ያሰቡት ይሳካ እንደሆነ ደግሞ የሚጣለው ዳይስ ይወስናል። ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የደረሱት «ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ» በ1974 እ.ኤ.አ. ከታተመ ወዲህ የዚህ ዓይነት ጨዋታ እጅግ በዝቷል፤ የሚጠይቀው ዕቃ ግን ዛሬም ወረቀት፣ እርሳስ፣ ዳይስና የሰው ድምፅ ነው። እኔም ለዓመታት ጨዋታ ስመራ ስለቆየሁ፣ ከዚህ በታች የምሰጠው ምክር በአብዛኛው በራሴ ጠረጴዛ ላይ የተፈተነ ነው።

ጥያቄ፦ «ስድስት ጓደኛሞች ነን፤ በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ፒያሳ በሚገኘው የወላጆቼ ቤት ሳሎን ውስጥ እንጫወታለን። የምመራው እኔ ነኝ። በቅርቡ የብሉቱዝ ስፒከር ገዝቼ፣ ከ200 በላይ ሙዚቃ ያለበት ፕሌይሊስት አዘጋጅቼ፣ በስልኬም ላይ 40 ቁልፍ ያለው የሳውንድቦርድ አፕ (እያንዳንዱ ቁልፍ ሲነካ አንድ ድምፅ የሚያሰማ) ጫንኩ። የጠበቅሁት ግን አልሆነም። ተጫዋቾቹ እርስ በርሳቸው ‹ምን አልክ?› መባባል አብዝተዋል፤ ሁሉም ድምፁን ከፍ አድርጎ ስለሚናገር እናቴ ጠብ የተነሣ መስሏት ከጓዳ ወጥታ ታውቃለች። እኔም ቁልፍ ስፈልግ የምተርከው ይጠፋብኛል። አንዱ ጓደኛችን ‹ሙዚቃው ይቅርብን› ብሏል። እውነት ይቅርብን?» — ጨዋታ መሪ፣ ከፒያሳ

መልስ፦ ሙዚቃው አይቅርባችሁ፤ ከ200ው ሙዚቃ አብዛኛው፣ ከ40ው ቁልፍም ቢያንስ 35ቱ ቢቀሩ ግን ጨዋታችሁ የሚያጣው ነገር የለም።

አዝማሪ ቤት ገብተው የሚያውቁ ከሆነ፣ ከታዳሚው አንዱ «ተቀበል!» ብሎ ግጥም ሲሰጥ አዝማሪው የሚያደርገውን ያስታውሳሉ። ማሲንቆውን ፈጽሞ አያቆመውም፤ ነገር ግን የሚሰጠው ቃል እንዳያመልጠው ዝቅ ያደርገዋል፤ ግጥሙን ተቀብሎ ራሱ ካዜመው በኋላ ማሲንቆው እንደገና ክፍተቱን ሞልቶ ይወጣል። በሚና ጨዋታ ጠረጴዛ ዙሪያ ከተቀመጡት ሁሉ ግጥም ሰጪዎቹ ተጫዋቾቹ ናቸው። ቃላቸው ካልተሰማ ታሪኩ የለም። ስለዚህ እርስዎ የሚከፍቱት ድምፅ ሁሉ ሰው በሚናገርበት ጊዜ ከንግግሩ በታች፣ ሰው ዝም ባለበት ጊዜ ደግሞ በክፍተቱ ውስጥ መቀመጥ አለበት።

በቤታችሁ የተፈጠረው ጩኸት ስም ያለው ነገር ነው። ፈረንሳዊው ሐኪም ኤቲየን ሎምባርድ በ1911 እ.ኤ.አ. እንደገለጸው፣ ሰው በጫጫታ መካከል ሲናገር ሳይታወቀው ድምፁን ከፍ ያደርጋል። ሙዚቃው ሲጨምር ተጫዋቹ ድምፁን ይጨምራል፤ ተጫዋቹ ሲጨምር ሙዚቃው የተዋጠ ስለሚመስልዎ እርስዎ ስፒከሩን ይጨምራሉ፤ በዚህ ዓይነት በአንድ ሰዓት ውስጥ እናትዎን ከጓዳ የሚያስወጣ ጩኸት ላይ ይደረሳል። መፍትሔው መጠኑን ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት ወስኖ እስከ መጨረሻው አለመንካት ነው። ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ የሚደረግ ተራ ንግግር በአንድ ሜትር ርቀት ላይ ወደ 60 ዲሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ) ገደማ ይሆናል፤ ማጀቢያው ከዚህ 15 ዲሲቤል ያህል ዝቅ ካለ ቃል አይሸፍንም። መለኪያ አፕ ስልክዎ ላይ መጫን ይችላሉ፤ ከዚያ የሚቀልለው ዘዴ ግን ከስፒከሩ አጠገብ የሚቀመጠው ተጫዋች ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ሌላ ሰው ከጠረጴዛው ወዲያ ማዶ በለሆሳስ አንድ ዓረፍተ ነገር እንዲናገር ማድረግ ነው። አንድ ቃል እንኳ ካመለጠዎ ስፒከሩን ይቀንሱ። ሙዚቃው «ትንሽ አነሰ» የሚያሰኝ መጠን ላይ ሲደርስ ልክ ነው ማለት ነው።

ስፒከሩ የተቀመጠበት ቦታም ከመጠኑ ባላነሰ ይወስናል። ብዙ ሰው ጠረጴዛው መካከል ያኖረዋል፤ ይህ ትልቁ ስሕተት ነው። ግድግዳ በሌለበት ሜዳ ላይ ርቀቱ በእጥፍ ሲጨምር ድምፅ በ6 ዲሲቤል ይቀንሳል፤ ሳሎን ውስጥ ግድግዳው ስለሚመልሰው ቅናሹ ያነሰ ቢሆንም፣ በ50 ሳንቲ ሜትር ርቀት የተቀመጠው ተጫዋችና 2 ሜትር ርቆ የተቀመጠው ተጫዋች አንድ ዓይነት ሙዚቃ አይሰሙም። ስፒከሩን ከጀርባዎ፣ ከጠረጴዛው ራቅ ባለ መደርደሪያ ላይ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙረው ያስቀምጡት። ድምፁ ከግድግዳው ተመልሶ በክፍሉ ስለሚበተን ሁሉም ጋ ይዳረሳል፤ ቀጭኑና ስለታም ክፍሉም ይለዝባል። ይህ መለዘብ ለአማርኛ ተናጋሪ ጠረጴዛ በተለይ ይጠቅማል። አማርኛ «ጠ»ን ከ«ተ»፣ «ቀ»ን ከ«ከ» የሚለየው ከአፍ ፈንዳ ብሎ በሚወጣ አጭር ድምፅ ነው፤ የተነባቢዎች መለያ የሆነው ኃይል ደግሞ በብዛት ከ2000 እስከ 4000 ሄርትዝ (የድምፅ ቅጥነት መለኪያ) ባለው ክልል ይገኛል። ዋሽንትና ቫዮሊን የሚደምቁት በዚያው ክልል ነው። «ጠራህ» የተባለው «ተራህ» ተብሎ ተሰምቶ አንዱ ተጫዋች ያለ ተራው ዳይስ ሲጥል አይቻለሁ። አፕዎ ኢኩዋላይዘር (የድምፁን ቀጭንና ወፍራም ክፍል ለየብቻ ማስተካከያ) ካለው ያንን ክልል ዝቅ ያድርጉት።

ዘፋኝ ያለበትን ሙዚቃ ሁሉ ከፕሌይሊስትዎ ያውጡ። ሳላሜና ባድሌይ የተባሉት የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በ1989 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ ሰዎች ለአፍታ በአእምሯቸው የሚይዟቸውን ቁጥሮች ከመሣሪያ ብቻ ሙዚቃ ይልቅ ድምፃዊ ያለበት ሙዚቃ ይበልጥ እንደሚያሳታቸው አሳይተዋል። የእኛ ተጫዋች ደግሞ ምን ያደርጋል? ባለ 20 ገጹ ዳይስ 17 ወጥቶ 5 ሲደመርበት ስንት እንደሆነ፣ ከጉዳቱም ስንት እንደሚቀነስ ሲያሰላ ያመሻል። በዚህ ላይ የአማርኛ ዘፈን ሲጨመር ነገሩ ይብሳል፤ ጆሯችን በሰምና ወርቅ ያደገ ስለሆነ ግጥም በሰማ ቁጥር ወርቁን ፍለጋ መሄዱ አይቀርም። ትዝታ ተከፍቶ እያንዳንዱ ተጫዋች ወደየራሱ ትዝታ ሲሄድ፣ የምናባዊው መንደር ሐዘን ብቻውን ይቀራል።

አሁን ወደ ቁልፎቹ እንምጣ። ድምፆችን ሦስት ዓይነት አድርጎ ማሰብ ይረዳል፤ የአካባቢ ድምፅ፣ ሙዚቃ፣ ድንገተኛ ድምፅ። የአካባቢ ድምፅ ነፋስ፣ ዝናብ፣ ገበያ፣ የሚነድ እሳት ነው፤ ይህ ለሰዓታት ቢሰማ አይሰለችም፤ ለጀማሪ የምመክረውም ይህን ብቻ ነው። ሙዚቃ ልብን ይነካል፤ ነገር ግን ቶሎ ያረጃል፤ በአንድ ቀን ጨዋታ ውስጥ ሁለት ወይም ሦስት ቦታ ላይ ብቻ ቢገባ የገባበት ቦታ ይታወሳል። ድንገተኛ ድምፅ የሚባሉት በር ሲንኳኳ፣ ነጎድጓድ፣ ደወል የመሳሰሉት ናቸው፤ ከእነዚህ ለአንድ ቀን ሁለት ይበቃሉ። ድምፁን ከንግግርዎ ጋር እኩል አይልቀቁት፤ መጀመሪያ ነጎድጓዱ ይሰማ፣ ሰው ሁሉ ቀና ይበል፣ ከዚያ ይናገሩ። በብሉቱዝ የሚሄድ ድምፅ ጥቂት ስለሚዘገይ፣ ብዙ ስፒከሮችም ለደቂቃዎች ዝም ከተባሉ ራሳቸውን ስለሚያጠፉ፣ ለድንገተኛ ድምፅ በገመድ የተያያዘ ስፒከር ይሻላል፤ ገመድ ከሌለዎ የነፋስ ድምፅ እጅግ ዝቅ አድርገው ከሥር ይተዉለት።

ስለ አፖቹ ብዙ አልልም፤ ሁለቱን ብቻ ልጥቀስ። አውስትራሊያዊው ቤንጃሚን ሉምስ የጀመረው ሲሪንስኬፕ ለዚሁ ጨዋታ ተብሎ የተሠራ ነው፤ አንድ የተቀዳ ሙዚቃ እያዞረ ከማጫወት ይልቅ ትንንሽ ድምፆችን በዘፈቀደ እያቀላቀለ ስለሚያወጣ ጆሮ የመደጋገሙን ቦታ አያገኘውም። ታብልቶፕ ኦዲዮ ደግሞ እያንዳንዳቸው 10 ደቂቃ የሚፈጁ የአካባቢ ድምፆችን በነጻ የሚያቀርብ ድረ ገጽ ነው፤ እኔ አብዛኛውን ጊዜ የምጠቀመው ይህንን ነው። የትኛውንም ቢመርጡ ከጨዋታው ቀን በፊት አምስት ድምፆችን መርጠው በአንድ ገጽ ላይ ያስቀምጡ፤ ሌላውን ገጽ በጨዋታ መካከል አይክፈቱት። ሙዚቃውን በዘፈቀደ እየዘለለ የሚያጫውተውን፣ ቅይጥ አጨዋወት (ሸፍል) የሚባለውን ትእዛዝም ያጥፉት። አራት ኪሎ በምመራው ጨዋታ ላይ አንዲት ተጫዋች ሁለት ዓመት ይዛው የቆየችው ገጸ ባሕርይ ሲሞት፣ ሁላችንም ዝም ብለን ሳለ ፕሌይሊስቱ በራሱ ወደ ጦርነት ከበሮ ዘለለ። ስልኩን እስካገኘው ድረስ ያለፈው ዐሥር ሰከንድ የእሷን ዕንባ አቋረጠው፤ ያንን ጊዜ መልሼ ልሰጣት አልቻልኩም፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

እንዲህ ባለው ቦታ የሚሻለው ስፒከሩን መዝጋት ነው። ለአንድ ሰዓት የቆየ የዝናብ ድምፅ ድንገት ሲቆም ክፍሉ ውስጥ የሚፈጠረውን ጸጥታ የትኛውም አፕ ሊሰጥዎ አይችልም። ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርክ አድማጩን በየቤቱ አፍዝዞ ያስቀመጠው ድምፁና የአተራረክ ዕረፍቱ ነበር። ያ ዕረፍት በእጅዎ ያለ መሣሪያ ነው፤ በሙዚቃ አይሙሉት።

ቁልፍ ሲፈልጉ ትረካው የሚጠፋብዎት ከሆነ ደግሞ የአካባቢውን ድምፅ ለአንድ ተጫዋች አደራ ይስጡ። «ወደ ገበያው ገባችሁ» ሲሉ እሱ ይከፍተዋል። ድንገተኛውን ድምፅ ግን ለራስዎ ያስቀሩ፤ የሚመጣውን የሚያውቁት እርስዎ ብቻ ነዎት።

ጥያቄ፦ «የእኛ ታሪክ የሚካሄደው የጎንደርን ዘመን በመሰለ ምናባዊ አገር ነው፤ ቤተ መንግሥት፣ ሸማኔ፣ ነጋዴ፣ መነኩሴ አለበት። አፖቹ ላይ የማገኘው ግን የአውሮፓ መጠጥ ቤት፣ ሉት የተባለው ባለ አውታር መሣሪያና ባግፓይፕ የተባለው ባለ ከረጢት የትንፋሽ መሣሪያ ነው። ሌላው ጭንቀቴ፣ የምንጫወተው በታላቅ እኅቴ ቤት ሲሆን በዐቢይ ጾም ዘፈን እንዲከፈት አትፈቅድም። በገና ብከፍት ደስ ይላታል ብዬ አስባለሁ፤ የሰይጣን መንፈስ የሚገለጥበት ትዕይንት ስላለኝ አስፈሪ የሆነው ድምፁ ይስማማኛል። ምን ይመክሩኛል?» — ተማሪ፣ ከአራት ኪሎ

መልስ፦ ከሁለተኛው ልጀምር። በገናውን ለዚያ ትዕይንት አይክፈቱት። 10 አውታር ያለው በገና ለጸሎትና ለንስሐ የሚደረደር መሣሪያ ነው፤ አማኙ ከንጉሥ ዳዊት ጋር አያይዞ ያከብረዋል፤ በዐቢይ ጾም መደመጡም ለዚሁ ነው። እርስዎ አስፈሪ ያሉት ጥልቅና ነዛሪ ድምፅ የሚመጣው አውታሩ ከብርኩማው ጋር በሚገናኝበት ቦታ ከሚገቡት እንዚራ ከሚባሉ ትንንሽ ቁራጭ ቆዳዎች ነው፤ ያንን ነዛሪነት ከሌላ መሣሪያ ማግኘት ይቻላል። እኅትዎ ወጥ እየሠሩ ከጓዳ ሆነው የሚጸልዩበትን ድምፅ ለሰይጣን መግቢያ ሲውል ቢሰሙ ቅር ይላቸዋል፤ ቢቀየሙም እውነት አላቸው። በ55ቱ የጾም ቀናት ነፋስ፣ ዝናብ፣ የእሳት ድምፅ፣ የእግር ኮቴ ብቻ ይጠቀሙ፤ እነዚህን ዘፈን የሚላቸው የለም። ከጊዮርጊስ ወይም ከሥላሴ ደወል ሲሰማ፣ ከመስጊድም አዛን ሲሰማ ስፒከሩን ዘግቶ መጠበቅ በከተማችን መካከል ለሚጫወት ሁሉ ተገቢ ልማድ ይመስለኛል። እንዲህ ያለውን ነገር ግን ከእኔ ይልቅ እኅትዎን ቀድመው ቢያማክሩ ይሻላል፤ የቤቱ ባለቤት የተጠየቀበት ቤት ደጋግሞ ይከፈታል።

ስለ መጀመሪያው ጥያቄዎ ሰፋ አድርጌ ብመልስ ደስ ይለኛል፤ ይህ ከደረሱኝ ጥያቄዎች ሁሉ የበለጠ ያስደሰተኝ ነው። የጎደለውን ራስዎ ይቅዱት። የሚያስፈልግዎ ስልክዎና ኦዳሲቲ የተባለው ነጻ የድምፅ ማቀናበሪያ የኮምፒውተር ፕሮግራም ብቻ ነው። እኅትዎ ቡና ሲያፈሉ ሙቀጫው የሚሰጠው ምት፣ ጀበናው ሲንተከተክ፣ ሲኒው ረከቦት ላይ ሲደረደር የሚሰማው ድምፅ ተጫዋቾችዎን ወደ አንድ ነጋዴ ቤት ከማንኛውም ሉት ይልቅ ቶሎ ያስገባቸዋል። በክረምት የቆርቆሮ ጣራ ላይ የሚወርደው ዝናብ ለሣር ጣራ ዘመን አይሆንም፤ መሬት ላይና ቅጠል ላይ ሲወርድ ይቅዱት። ከእንጦጦ ሥር ባሉ ሰፈሮች ሌሊት የጅብ ድምፅ ይሰማል፤ የሚያውቁት ሰው እዚያ ካለ በመስኮት በኩል እንዲቀዳልዎ ይለምኑት። እያንዳንዱን ድምፅ ሁለት ወይም ሦስት ደቂቃ ያህል፣ ስልኩን በእጅ ሳይይዙ አንድ ነገር ላይ አስቀምጠው፣ ነፋስ ማይኩን እንዳይመታው ስስ ጨርቅ ጣል አድርገው ይቅዱ። ከዚያ በኦዳሲቲ የመጨረሻውን አምስት ሰከንድ ከመጀመሪያው አምስት ሰከንድ ጋር ቢያደራርቡት መጋጠሚያው አይታወቅም። ገበያ ውስጥ ሲቀዱ የሰው ንግግር ተለይቶ የሚሰማ ከሆነ ባለቤቱን ያስፈቅዱ፤ የማይለይ ሁካታ ቢሆን ለጨዋታውም የተሻለ ነው።

ለቤተ መንግሥቱ ነጋሪትና እምቢልታ አለልዎ። በታሪካችን አዋጅ የሚነገረው ነጋሪት ተጎስሞ ነው፤ ስለዚህ ነጋሪቱን ለጌጥ አይጠቀሙበት፤ በታሪክዎ ውስጥ አዋጅ ሲኖር ብቻ ያሰሙት። ሦስተኛው ጊዜ ላይ ሲደርሱ ተጫዋቾችዎ እርስዎ ሳይናገሩ ጆሯቸውን ያቀናሉ። ሙዚቃ ሲመርጡም ቅኝቱን ያስተውሉ። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ የየራሳቸው መንፈስ አላቸው፤ የአንዱን ጭራ ከሌላው ራስ ጋር በአፕ ማደባለቅ ግን የተጣላ ድምፅ ይወልዳል። በመካከላቸው አምስት ሰከንድ ነፋስ ያስገቡ፤ ነፋስ ቅኝት ስለሌለው ሁለቱንም ያስታርቃል። እኔ ለአንድ ታሪክ አንድ ቅኝት መርጬ ለጠላት ወገን ብቻ አንቺሆዬን አስቀርቼ ነበር፤ በወራት ውስጥ ሙዚቃ ያልተማሩት ተጫዋቾች ሳይቀሩ ጠላት መቅረቡን በጆሯቸው ያውቁ ጀመር።

ጥያቄ፦ «በምንጫወትበት ቤት መብራት ይጠፋል፤ የኢንተርኔት ጥቅሉም ያልቅብናል። ድምፁን በቀጥታ ከኢንተርኔት ማጫወት ስንት ይፈጃል?» — ከካዛንቺስ

መልስ፦ በሰከንድ 128 ኪሎ ቢት የተጨመቀ ድምፅ በደቂቃ አንድ ሜጋ ባይት ያህል ይወስዳል፤ አራት ሰዓት ለሚፈጅ ጨዋታ 230 ሜጋ ባይት ገደማ ማለት ነው። በቪዲዮ መልክ ካጫወቱት ከዚህ ብዙ እጥፍ ይበላል። ነገር ግን የምትፈልጉት አምስት ድምፅ ብቻ ስለሆነ አስቀድማችሁ አውርዱት፤ የ10 ደቂቃ ድምፅ 10 ሜጋ ባይት ያህል ነው፤ አምስቱ ሲደመሩ ከአንድ ሰዓት ቀጥታ ማጫወት ያነሰ ይሆናል። ጨዋታው ሲጀመር ስልኩን ፍላይት ሞድ ላይ አድርጋችሁ ብሉቱዙን ብቻ መልሳችሁ ክፈቱት፤ ያን ጊዜ ዘንዶው ፊት ቆማችሁ ሳለ ስልክ አይደወልም። ስፒከሩን ከመሰብሰባችሁ በፊት ቻርጅ አድርጉት፤ ፓወር ባንክም ይኑራችሁ። መብራት ከጠፋ ሻማ ለኩሱና ቀጥሉ። ዝናብ ጣራውን መደብደብ ከጀመረ ደግሞ ስፒከሩን ዝጉት፤ በታሪኩም ውስጥ ይዝነብ።

ጥያቄ፦ «ሰፈራችን ፈርሶ ጓደኞቼ በየአቅጣጫው ስለተበተኑ አሁን የምንጫወተው ዲስኮርድ በተባለው፣ በኢንተርኔት በድምፅ በሚያነጋግረው አፕ ነው። ከስፒከር የማጫውተው ሙዚቃ እየተቆራረጠ ይደርሳቸዋል። ወደፊት ጨዋታችንን ዩቲዩብ ላይ ለመጫን እናስባለን፤ የድሮ የአማርኛ ሙዚቃ ብንጠቀም ችግር አለው?» — ከካዛንቺስ ወደ ሌላ ሰፈር የተዛወረ

መልስ፦ የሚቆራረጠው ዲስኮርድ ውስጥ ያለው የጫጫታ ማጣሪያ ሙዚቃውን እንደ ጫጫታ ቆጥሮ ስለሚያጠፋው ነው። ማጣሪያውን ማጥፋት ይቻላል፤ ያን ጊዜ ግን የቤትዎ ጫጫታ ሁሉ አብሮ ይገባል። የሚሻለው ሙዚቃውን ከእርስዎ ማይክ ለይቶ እንደ አንድ ራሱን የቻለ ተሳታፊ ማስገባት ነው። ኬንኩ ኤፍ ኤም የተባለው ነጻ ፕሮግራም ይህን ያደርጋል፤ ጥቅሙም ትልቅ ነው፤ እያንዳንዱ ተጫዋች በራሱ ስልክ ወይም ኮምፒውተር የእርስዎን ድምፅ ሳይነካ የሙዚቃውን ብቻ መቀነስ ይችላል። ቀድሞ ብዙ ሰው ይጠቀምባቸው የነበሩት ግሩቪና ሪዝም የተባሉ፣ ዲስኮርድ ውስጥ ሙዚቃ የሚያጫውቱ ቦቶች (በራሳቸው የሚሠሩ ፕሮግራሞች) ከዩቲዩብ በመጣ ማስጠንቀቂያ በ2021 እ.ኤ.አ. ተዘግተዋል። በኢንተርኔት ድምፅ ለእያንዳንዱ ሰው በተለያየ ቅጽበት ስለሚደርስ፣ በድንገተኛ ድምፅ ላይ የተመሠረተ ትዕይንት አያዘጋጁ።

ዩቲዩብን በተመለከተ፣ አዎን፣ ችግር አለው። በቤት ውስጥ ከጓደኛ ጋር ማዳመጥና ለሕዝብ ማሠራጨት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲውን መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላም ለ50 ዓመት ይጠብቃል፤ «የድሮ ነው» ማለት መብቱ አልቋል ማለት አይደለም። ከዚህም ሌላ የዩቲዩብ ኮንተንት አይዲ የተባለው መለያ በመዝገቡ ያለን ሙዚቃ በራሱ እያወቀ ቪዲዮውን ሊያግድ ወይም የማስታወቂያ ገቢውን ለባለመብቱ ሊያስተላልፍ ይችላል። ባለሙያዎቻችን ከሥራቸው የሚያገኙት ጥቂት ሆኖ ሳለ እኛም ሳንጠይቅ ብንወስድ ያሳዝናል። ራስዎ የቀዱትን ድምፅ ይጠቀሙ፤ ወይም ክራር የሚመታ ወዳጅ ካለዎ ዋጋውን ከፍለው በጽሑፍ አስፈቅደው ይቅዱ። ከድረ ገጽ በነጻ የሚወርደውንም ቢሆን ከማሠራጨትዎ በፊት የፈቃድ ገጹን ያንብቡ፤ ለቤት ጨዋታ ነጻ የሆነ ሁሉ ለሥርጭት ነጻ አይደለም።

ጥያቄ፦ «አዲስ የመጣው ጓደኛችን የመስሚያ መሣሪያ ያደርጋል። እኛ ደግሞ ሙዚቃውን ለምደነዋል። ለእሱ ስንል መተው አለብን? ብንጠይቀው ‹ምንም አይደል› ይላል።» — ከሜክሲኮ

መልስ፦ ይሉኝታ ይዞት ነው። የመስሚያ መሣሪያ የሰውን ቃል ብቻ መርጦ አያጎላም፤ ሙዚቃውንም፣ የወንበሩን መንቀሳቀስም፣ የዳይሱንም ኳኳታ አብሮ ያጎላዋል፤ ለእናንተ ዝቅ ያለ የመሰላችሁ የዝናብ ድምፅ ለእሱ በቃላችሁ ላይ የተጣለ መጋረጃ ሊሆን ይችላል። ያለማቋረጥ የሚሰማውን የአካባቢ ድምፅ ሁሉ ዝጉት። ዳይሱን በሳህን ላይ ሳይሆን በወፍራም ጨርቅ ላይ ጣሉት። ጀርባው ወደ ግድግዳ፣ ፊቱ ወደ ሁላችሁም እንዲሆን አስቀምጡት፤ ጨዋታ መሪው ደግሞ ብርሃኑ ፊቱ ላይ እንዲያርፍ በመስኮቱ ትይዩ ይቀመጥ፤ በአንድ ጊዜ ከአንድ ሰው በላይ አትናገሩ። ይህን ስታደርጉ ሌሎቻችሁም እርስ በርስ የተሻለ እንደምትደማመጡ ታያላችሁ።

ድምፅን ጨርሶ ማጣት ግን የለባችሁም፤ እሱም ማጣት የለበትም። ቃል በሌለበት ጊዜ፣ ትዕይንት ከመከፈቱ በፊት፣ ለዐሥር ሰከንድ ያህል አሰሙና ዝጉ። ጠረጴዛችሁ የእንጨት ከሆነ ደግሞ ስፒከሩን ለዚያ ጊዜ ብቻ ከመደርደሪያው አንሥታችሁ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጡትና የከበሮ ድምፅ ክፈቱ። የከበሮው ወፍራም ምት በእንጨቱ በኩል ይተላለፋል፤ ጓደኛችሁ መዳፉን ጠረጴዛው ላይ ሲያሳርፍ ሠራዊቱ እየቀረበ መምጣቱን በእጁ ይሰማዋል። ምቱ ምን ያህል መጠንከር እንዳለበት እሱ ይንገራችሁ፤ የስፒከሩንም መጠን መቆጣጠሪያ ለእሱ ስጡት።